የመስቀል ወፍ ጠፋች ወይስ ቆጣሪ አጣች?

ይህ የመድረካችን ክር የተከፈተው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። አሁን 37 ጽሑፍ ደርሷል። ቁጭ ብሎ ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ላጣ ሰው ከላይ እስከ ታች የተባባሉትን ላውራ። ስም አልጠራም፤ ቁጥሩ ይበቃል። አንዳንድ ቦታ የራሴንም ጣል አደርጋለሁ።

1። ከፋቹ አዲስ አበባ፣ የካ አካባቢ ያደገ ሰው ነው። ልጅ እያለ ደመራ ሲቃረብ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ጭራዋ የረዘመ ጥቁር ወፍ ከሣሩ ብድግ እያለች ስትበር ያይ ነበር። አሁን ሜዳው ፎቅ ሆኗል። ወፏንም ካያት ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ ተነስቶ የመስቀል ወፍ ከኢትዮጵያ እየጠፋች መሆኗን ደመደመ። ሁለት ነገርም ጠየቀ፤ ይህን ያስተዋለ ሌላ ሰው አለ ወይ፣ ካለስ ለማን ነው አቤት የሚባለው?

2 እና 3። አንዷ ከኮተቤ፣ ሌላው ከጀሞ፤ ሁለቱም ተስማሙ። የኮተቤዋ ቅሬታዋን ገልጻ አለፈች። የጀሞው ኮንዶሚኒየሙን፣ አስፋልቱን፣ የስልክ ማማውን ተራ በተራ ከሰሰ። ማስረጃ የሚባል ነገር አላመጣም። ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን ብዙ ላይክ የሰበሰበው እሱ ነው።

4። ከሱሉልታ የጻፈው ሰው አፉ ስለት ነው። ባለፈው ሳምንት ወፎቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ሲያያቸው መሰንበቱን ነገረን። ከዚያ የአዲስ አበባን ሰው ሁሉ ወረደበት፤ ሳሎን ተቀምጦ ወፍ ጠፋ የሚል ሰው መጀመሪያ በሩን ከፍቶ ይውጣ ነው ነገሩ። ፎቶ ግን አልለጠፈም። ይህ ኋላ መዘዝ አምጥቶበታል።

5። አምስተኛዋ የባዮሎጂ መምህርት ናት። በጨዋ አነጋገር ሁለቱንም ወገን አረመች።

በመጀመሪያ፣ ወፏ የትም አትሄድም። በመስቀል መጥታ የምትሰደድ የሚመስለን ወንዱ ላባውን ስለሚቀይር ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሣሩ ዘር ይይዛል፤ የመራቢያቸው ወቅት ነው። ወንዱ ያኔ ይደምቃል፣ ጭራውንም ያስረዝማል። ወቅቱ ሲያልፍ ያንን ሁሉ አራግፎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ጥር ላይ አጠገባችን ጥሬ ሲለቅም ብናየው ድንቢጥ መስሎን እናልፋለን።

ሁለተኛ፣ ሰው የመስቀል ወፍ የሚለው አንድ ዓይነት ወፍ ብቻ አይደለም። አንዱ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ምንቃሩ የቀላውን፣ ጭራው ከገላው የሚረዝመውን ይላል። ሴቷ እንቁላሏን በሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ጥላ የምትሄደው የዚህኛው ናት። ሌላው ሰው መላ አካሉ ጥቁር፣ አናቱና አንገቱ ቀይ የሆነውን ባለ ረጅም ጭራ ያስባል። ጭራው አጠር ብሎ ቀይና ጥቁር የሆነውን የሚልም አለ፤ ወገቡ ላይ ቢጫ ያለበትን የሚልም አለ። ስለዚህ ጠፋች ከማለት በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት። አንዱ ቀንሶ ሌላው ሊበዛ ይችላል።

6። ከፋቹ ተመልሶ አመሰገነ። የእሱ ወፍ አናቱ ላይ ቀይ ነገር እንደነበረበት አሁን ትዝ እንዳለው ጻፈ። እኔ ይህን በግማሽ ልብ ነው ያነበብኩት። ከ5ኛው መልስ በፊት ቀይ የሚባል ነገር አላነሳም ነበር።

7 እና 8። እዚህ ጋ ክሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መስመር ሳተ። 7ኛው በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ ብር ተበድሮ ስለሚጠፋ የአክስት ልጅ አወራ። 8ኛዋ ደግሞ ዱባይ ያለ ወንድሟ ከመስቀል በስተቀር ስልክ እንደማይደውል ነገረችን። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሱሉልታው እንኳን ላይክ አደረገ።

9። ከሸዋሮቢት አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። ጽሑፋቸው ረጅም ነው፤ ነጥብ የሚባል ነገር የለበትም፤ ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ልጅ ሆነው የማሽላ ወፍ ጠባቂ ነበሩ። ሳይነጋ ማማ ላይ ይወጣሉ። ወንጭፋቸውን ይይዛሉ፣ ጠጠሩን ክምር አድርገው አጠገባቸው ያስቀምጣሉ። ወፍ የሚወርደው ጠዋት ብርሃን ሲሆንና አመሻሽ ላይ ነው፤ በቀትር ጥላ ይፈልጋል። ከሩቅ ሲመጣ ከድምፁና ከአበራረሩ ግሪሳ ይሁን ሌላ ይለዩ ነበር። ግሪሳ እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ሁሉም አንዴ ይዞራል፣ አንዴ ይወርዳል። ሌላው በየአምስት በየአሥር ተበታትኖ ነው የሚያርፈው። የወፍ ነገር የሚጠየቅ ካለ ማማ ላይ ያደገን ሰው ነው የሚል መንፈስ አለው መልሳቸው። ልክ ናቸው እላለሁ። በየዓመቱ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ተቀምጦ ወፍ ማየት ሳይንቲስቶቹም አጥብቀው የሚፈልጉት ነገር ነው።

10። አሥረኛው በቀጥታ ተቆጣ። የአባቱን ማሽላ ግሪሳ ጨርሶት ያውቃል። ያን ዓመት ቤታቸው ምን እንደተበላ ዘረዘረ፤ አልደግመውም። ወፍ ጠፋ ብለው የሚያለቅሱ ከተሜዎች የገበሬን ጎተራ አይተው እንደማያውቁ ገልጾ፣ የእሱ ምኞት ወፍ ሁሉ ቢጠፋ እንደሆነ ጻፈ። ማንም ለጥቂት ሰዓት አልመለሰለትም።

11። ዝምታውን የሰበረው የሰብል ጥበቃ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። ለ10ኛው ወንድሜ እያለ፣ ንዴቱን ሳይነቅፍ ጀመረ። አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ትጨርሳለች። መንጋው አንድ ሚሊዮን ቢሆን በቀን 100 ኩንታል መሆኑ ነው። ስለዚህ ቀልድ አይደለም። ግን የሚረጨው ፌንቲዮን የሚባለው መርዝ ግሪሳን ብቻ መርጦ አይገድልም። በዚያው ጥሻ ያደረ ሌላ ወፍም፣ የሞተችውን ግሪሳ የበላ ጭልፊትም ይሞታል። እዚህ ላይ ከ5ኛው መልስ ጋር አገናኘው፤ ቡናማ ልብሱን የለበሰ የመስቀል ወፍ ከሩቅ ከግሪሳ አይለይም። ያልለመደ ሰው ጥቆማ ቢሰጥ ያላጠፋው መንጋ ሊረጭ ይችላል። የለመደ ገበሬ ግን ማደሪያውን ቀድሞ ይጠቁማል፤ መንጋው ሳይበዛ ይደረስበታል። ወፍ መለየትና መቁጠር ለገበሬውም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

10ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም። ላይክ ግን አደረገ። በመድረክ ዓለም ይህ ትልቅ ነገር ነው።

12። ከፋቹ ትንሽ አኮረፈ። እሱ የጠየቀው ስለ መስቀል ወፍ እንጂ ስለ ማሽላ አልነበረም።

13። ከቨርጂኒያ የጻፈችው ሴት ወደ ጥያቄው መለሰችን። የምትኖርበት አገር ሰው ጠፋ ወይም ቀነሰ ለማለት በምን እንደሚያውቅ አብራራች። በፊት አሜሪካ ውስጥ በገና ቀን በቡድን ተከፍሎ ወጥቶ ያገኙትን መተኮስና የማን ክምር በለጠ መባባል ልማድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ፍራንክ ቻፕማን የሚባል የወፍ ምሁር በመተኮስ ፋንታ እንቁጠር የሚል ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ገና 27 ሰዎች በ25 ቦታ ቆጠሩ። ቆጠራው እስከ ዛሬ በየዓመቱ አለ። በ1966 ደግሞ ሌላ ተጨመረ፤ በጎ ፈቃደኞች በአንድ መንገድ ላይ 50 ጊዜ እየቆሙ፣ በየቦታው 3 ደቂቃ የሰሙትንና ያዩትን ይጽፋሉ። ሁለቱም የተራ ሰው ሥራ ናቸው፤ አስተማሪ፣ ፖስተኛ፣ ጡረተኛ። በ2019 ተመራማሪዎች በዋናነት በእነዚህ መዛግብት ላይ ተመሥርተው፣ ሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ወፍ እንዳጣች አስታወቁ። እሷን የደነቃት ግን ሌላ ነው። አብዛኛውን ኪሳራ የተሸከሙት ብርቅዬዎቹ ሳይሆኑ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ተራዎቹ ናቸው። በየቤቱ ደጅ ያለ ወፍ ሲቀንስ ዓይን ይለምደዋል።

ስለ ኢበርድም ነገረችን። እ.ኤ.አ. በ2002 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያለው የወፍ ጥናት ማዕከልና ኦዱቦን የሚባለው የወፍ ጥበቃ ማህበር የጀመሩት የወፍ መመዝገቢያ ነው። ማንም ሰው፣ ከየትም አገር፣ ያየውን በስልኩ ያስገባል። እሷ ራሷ ለእረፍት ስትመጣ ከእናቷ ግቢ የጋጋኖ ዝርዝር ልካለች።

14። አንዱ ቀለደባት። አሜሪካ ተቀምጦ የእናት ግቢ ውስጥ ያለውን ጋጋኖ መቁጠር ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ጠየቀ። ጋጋኖ ሳትቆጠር ራሷ ሰፈሩን ቀስቅሳ አለሁ ትላለች ብሎም ጨመረ። ነገረኛ ነው፤ ግን ሳቅሁ። ጠዋት በጋጋኖ ጩኸት የነቃ አዲስ አበቤ ሁሉ ይገባዋል።

15። መምህሯ ተመልሳ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ድምጿ ጠንከር ብሏል። ነገሩ የፈረንጅ ጨዋታ ብቻ እንደሆነ መታሰቡ አላስደሰታትም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማህበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በየጥር ወሩ በዓለም ዙሪያ የሚደረገው የውሃ ወፍ ቆጠራ ከ1967 ጀምሮ አለ፤ የእኛም ሐይቆች ይቆጠራሉ። ጣና ዙሪያ ከሰሜን የሚመጡት ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች በአሥር ሺዎች እንደሚከርሙ የታወቀው ሰው ሄዶ ስለቆጠረ ነው። አቢጃታንም አነሳች። ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲወሰድ ሐይቁ ሸሸ፣ ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴቶች ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች ምግባቸውን የሚያመጡት ከአቢጃታ ነበርና እነሱም ተመናመኑ። ድሮ ስንት እንደነበሩ የጻፈ ባይኖር ዛሬ ክርክሩ የትዝታ ክርክር ይሆን ነበር። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለችውን የበርጋን ረግረግም ጨመረች። በክረምት እዚያ ሣር ውስጥ የምትራባ፣ በዓለም መጥፋት እጅግ ከሚያሰጋቸው አንዷ የሆነች ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ ወፍ አለች። ከብት መቼ እንደሚገባ፣ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ የሚወስነው የአካባቢው ሰው ስለሆነ፣ ያለ እሱ ጥበቃም ቆጠራም የለም።

16። አንድ ተማሪ ተግባራዊ ጥያቄ አመጣ። ካርድ ውድ ነው፣ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ታዲያ እንዴት ነው የሚላከው? 13ኛዋ መተግበሪያው ያለ ኔትወርክም እንደሚመዘግብና ኋላ እንደሚልክ መለሰችለት። መምህሯ ደግሞ ደብተርና እርሳስ እንደሚበቃ ጨመረች። የሚጻፈው ቀኑ፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ምን ያህል እንደተሄደ፣ ስንት ሰው እንደነበረ፣ ከዚያ የታወቀው ወፍ ሁሉ ከነቁጥሩ ነው።

17። ሱሉልታው ገባ። የታየው ይጻፍ፣ እሺ። ያልታየውን መጻፍ ግን ምን ይሉታል? አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ምንም ያላየ ሰው ባዶ ወረቀት ቢልክ ማን ያነበዋል?

18። መልሱ ከ13ኛዋ ነው። ለእኔ የክሩ አስኳል ይህ ነው።

ሰው የመስቀል ወፍን ሲያይ ብቻ ቢጽፍ፣ የሚደርሱት ወረቀቶች ሁሉ ወፏ እንዳለች ይናገራሉ። አምና 30 ሰው ጻፈ፣ ዘንድሮ 30 ሰው ጻፈ እንበል። ወፏ በግማሽ ብትቀንስ እንኳን፣ ፈላጊው ከበዛ ወረቀቱ አይቀንስም። አሁን ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ሄዶ ያወቀውን ወፍ ሁሉ ጻፈ እንበል፤ ቁራውን፣ ዋኔውን፣ ጋጋኖውን፣ ድንቢጡን። አምና ከ40 ዝርዝር በ30ው ላይ የመስቀል ወፍ ነበረች፤ ዘንድሮ ከ40 በ15ቱ ላይ ብቻ ሆነች። ያኔ 25 ሰዎች ሄደው፣ ዓይናቸውን ከፍተው አጡ ማለት ነው። ማጣታቸው የሚነበበው ሌላውን ሁሉ ስለጻፉ ነው። መተግበሪያውም ዝርዝሩ ሲያልቅ፣ ያወቅኸውን ሁሉ ጽፈሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። አዎ ያለ ሰው ዝርዝር ስለቀረውም ወፍ ይመሰክራል።

የእኔን አስተያየት ልጨምር። የከፋቹ ትዝታ ውሸት ነው የሚል የለም። ሜዳው ነበር፣ ወፏም ነበረች። ግን ለአቤቱታ አይበቃም። እሱ ስንት ጊዜ፣ የት፣ በስንት ሰዓት ፈልጎ እንዳጣ አልጻፈም። አራተኛውም ሱሉልታ ሞልቷል ሲል ስንት እንዳየ አልጻፈም። ሁለቱ ሰዎች ሲጣሉ የሰነበቱት በባዶ እጃቸው ነው። ለአንድ ማዘጋጃ ቤት ይህን ሜዳ ተዉልን ብሎ ለመሄድ፣ የአሥር መስከረም ዝርዝር ይዞ መሄድና ድሮ ነበር ብሎ መሄድ አንድ አይደለም።

19። ሱሉልታው ገባኝ አላለም፤ ግን ነገሩን አልተከራከረም። 3ኛው የጀሞ ሰው አጋጣሚውን ተጠቅሞ የአጥሩ ላይ ወፎች ፎቶ የት እንዳለ ጠየቀው። ስልኩ ቻርጅ ጨርሶ እንደነበር መለሰ። ማንም አላመነውም።

20። ከዲንሾ አንድ አስጎብኚ ሌላ ነገር አነሳ። የወፍ ቦታ በይፋ መለጠፉ ያሳስበዋል። ባሌ ውስጥ ጉጉት የሚያድርበት ዛፍ ከታወቀ ፎቶ አንሺው በሰልፍ ይመጣል። ወፉ ዞር እንዲል ድምፁን በስልክ ያጫውቱለታል፣ በቀን መብራት ያበሩበታል። አንዱ ጉጉት በዚህ የተነሳ ዛፉን ጥሎ ሲሄድ አይቷል። በነገሌ አቅራቢያ ስላለው የሊበን ሜዳም ጻፈ። እዚያ ብቻ ከሞላ ጎደል የቀረች ቡናማ የመሬት ወፍ አለች። ሜዳው በከብት ተግጦ፣ ታርሶ፣ በቁጥቋጦ ተወርሮ መኖሪያዋ ጠቧል። የሚረዳት ሣር ነው፤ የአካባቢው አርብቶ አደር ካሎ የሚለው ለጥጃና ለደካማ ከብት የሚከለል ሣር ለእሷም ጎጆ መሥሪያ ይሆናታል። እንዲህ ያለችን ወፍ ጎጆ ካርታ ላይ ምልክት አድርጎ መለጠፍ ለእሱ ክፋት ነው።

21 እና 22። ፎቶ የሚያነሳ አንድ ሰው ነገሩ ነክቶት ተነሳ። ሕዝቡ ያልሰማው ወፍ ሲጠፋ አልቃሽ እንኳን አይኖረውም፤ ፎቶ ነው ያስተዋወቀው። ቀጥሎ አስጎብኚውን ደሞዝህ ከእኛው ነው ዓይነት ነገር ጻፈበት። አስጎብኚው አልታገሠም፤ በጉጉት ፊት ላይ ባትሪ የሚያበራ ሰው ስለ ፍቅር አያስተምረኝም የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት መስመሮች ተሰርዘዋል።

23። አወያዩ ሁለቱንም ገሠጸ። ኢበርድ ለአደን ወይም ለወጥመድ የተጋለጡ ወፎችን ትክክለኛ ቦታ ከሕዝብ እንደሚደብቅም አስታወሰ። ለዚህ መድረክ ሕግ አወጣ፤ ጎጆና ማደሪያ አይለጠፍም፣ ወረዳ መጥቀስ ይበቃል። እኔ ከአስጎብኚው ጋር ነኝ። አንድ ወፍ እንዲቆጠር የግድ ሰው ሁሉ ደጁ መቆም የለበትም።

24። ከሰመራ የጻፈው ቆጠራ ምን እንደፈየደ የሚያሳይ ነገር አመጣ። ላባው ነጭ፣ ፊቱ ቢጫ የሆነው ትንሹ ጥንብ አንሳ የአውሮፓን የብርድ ወራት ከሚያሳልፍባቸው ቦታዎች አንዱ አፋር ነው። ከቡልጋሪያና ከአካባቢው ያሉበትን የሚጠቁም ላኪ መሣሪያ ታስሮባቸው የተለቀቁት እዚያው ሲያርፉ ታይተዋል። የሚሞቱበት አንዱ ምክንያት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። የብረት አግዳሚው ላይ ቆሞ ክንፉ ሽቦውን ሲነካ ያልቃል። ሰዎች በየምሰሶው ሥር እየሄዱ የሞተውን ስለቆጠሩ የትኛው ምሰሶ ገዳይ እንደሆነ ታወቀ፤ ሽቦዎቹም በመከለያ ተሸፈኑ። እዚህ የተቆጠረው ሬሳ ነው። አያምርም፤ ግን ቆጠራ ነው።

25 እና 26። ወሬው ወደ ጥንብ አንሳ ዞረ። አንዱ ቄራ አካባቢ ስለሚያንዣብቡት አወራ፤ ሰፈር እንደሚያጸዱ፣ ልጅ ሆኖ እንደሚፈራቸው። ሌላዋ ከመካከላቸው ትንሹና ቡናማው በቄራው የተለመደ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ተቃርበዋል ከሚባሉት ተርታ መግባቱን ነገረችው። ሰውየው እንዲያው በየቀኑ የማየው ብሎ ተገረመ። የ13ኛዋ ነገር እዚህም መጣ፤ በየቀኑ የሚታይ ነገር ሲቀንስ አይታወቅም።

27። ከእስራኤል አንድ ወንድም ሑላ ሸለቆ ስለሚወርዱት ክሬኖች ጻፈ። በየዓመቱ ጸደይና መከር ላይ ወደ 500 ሚሊዮን ወፍ በዚያች ጠባብ አገር ላይ ያልፋል። ሰማይ ሲሞላ ወደ አገር ቤት እየሄዱ እንደሆነ እያሰበ ይናፍቀዋል። ናፍቆቱን ተረዳነው። ወደ ርዕሱ ግን አልመጣም።

28። አንድ ተጠራጣሪ ገባ። አነጋገሩ ደረቅ ነው፣ ጥያቄው ግን ትክክል ነው። የተራ ሰው ቆጠራ የተራ ሰው ስህተት አለበት። ቆጣሪው የሚወጣው ቅዳሜና እሁድ፣ የሚሄደው መኪና በሚገባበት ነው። ቱሪስት የረገጠው ቦታ በዝርዝር ሲሞላ፣ ማንም ያልደረሰበት ወረዳ ባዶ ይሆናል። ባዶ ካርታ ወፍ የለም ማለት ሊመስል ነው።

29። 13ኛዋ ብዙውን ተቀበለች። የሰዓቱና የርቀቱ ነገር የሚጻፈው በከፊል ለዚህ ነው፤ አሥር ደቂቃ የቆየና አራት ሰዓት የቆየ እኩል እንዳይታዩ። ያልተለመደ ወፍ ወይም ቁጥር ከገባም በጎ ፈቃደኛ መርማሪ ጽፎ ይጠይቃል። ባዶው ወረዳ ግን ባዶ ነው፤ እሱን የሚሞላው እዚያ የሚኖር ሰው ነው። ለዚህም ወደ 9ኛው መልስ ጠቆመች።

30። የሸዋሮቢቱ አባት ተጠየቁ። መምህሯ በአንቱታ፣ ግሪሳ መቼ መቼ ይወርድ እንደነበር ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ቀኑን በበዓል ነው የሚያስታውሱት። ማሽላው ሲያሽት ይጀምራል፣ ለኅዳር ሚካኤል ሰሞን ይብሳል፣ አጨዳው ሲያልቅ ይሄዳል። መምህሯ ሌሎች ጠባቂዎች ከነቀበሌያቸው እንዲሁ ቢነግሯት ወደ ቀን መልሳ ሰንጠረዥ እንደምትሠራ ቃል ገባች። እስከ ዛሬ ከኮምቦልቻ፣ ከቆቦና ከአላማጣ መልስ መጥቶላታል። ከዚህ ክር ወጥቶ ሥራ የሆነ ነገር ካለ እሱ ነው።

31 እስከ 34። ሰው መሄድ ፈለገ። ገፈርሳ ወይስ ሱሉልታ? ገፈርሳ ግድቡ አለ፣ በክንፏ ላይ ሰማያዊ ያላት የአገራችን ዝይ ትታያለች። ሱሉልታ ግን ለመስቀል ወፍ ይሻላል። አንዱ ባይኖኩላር ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀ፣ ሌላዋ የወንድሟን አሮጌ እንደምታመጣ ተናገረች። ታክሲ ከአዲሱ ገበያ እንዲሆን ተስማሙ። 14ኛው ሳይጋበዝ እንደሚመጣ አሳወቀ። ሱሉልታው በአጥሩ በኩል ቢያልፉ ቡና እንደሚያፈላላቸው ጻፈ፤ እንደ እርቅ ልትወስዱት ትችላላችሁ።

35። ከፋቹ ከጉዞው መልስ የመጀመሪያ ዝርዝሩን ላከ። ጭራው የረዘመ፣ አናቱ ቀይ የሆነ ጥቁር ወፍ፣ አራት ወንድ። ቡናማዎቹን መለየት ስላልቻለ ሳይገምት ትቷቸዋል። መምህሯ በዚህ ብቻ አሞገሰችው። ጋጋኖም ብዙ አይተዋል።

36። በማግስቱ ከፋቹ ተናዶ መጣ። የኢበርድ መርማሪ ጽፎለት፣ ይህን ሁሉ ወፍ ከሌሊቱ አንድ ሰዓት ላይ በምን ብርሃን እንዳየው በትሕትና ጠይቆታል። እሱ የጻፈው የእኛን አንድ ሰዓት ነው፤ ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ። ማሽኑ ደግሞ በፈረንጅ ቆጥሮ እኩለ ሌሊት አሳልፎት ነበር።

37። ሱሉልታው እስካሁን የመጨረሻውን መልስ ይዟል። ሰዓቱን እንዲያርመው መከረው። ካላረመውም የሌሊት ጋጋኖ ለማየት የሚመጣ ቱሪስት ስለማይጠፋ፣ ቡናውን በብር እንደሚሸጥ አሳውቋል።